ሌባ፣ ቀማኛ፣ «ክሪሚናል»፦ አንድ የሆቴል መዝገብ ያስነሳው ጭቅጭቅ

ይኼን ክር፣ ስለ ስርቆትና ወንጀል የእንግሊዝኛ ቃላት ግሩፓችን ላይ የተደረገውን ውይይት፣ ላልተከታተላችሁ ላሳጥርላችሁ ብዬ ነው። እዚህ ግሩፕ ያለነው ሐዋሳ የምንኖር፣ እንግሊዝኛ ለእንጀራ የሚያስፈልገን ሰዎች ነን። ሪሴፕሽን የምትሠራ አለች፣ አስጎብኚ አለ፣ ነርስ አለች፣ ባጃጅ የሚነዳ የሕግ ተማሪ አለ፣ ጡረታ የወጡ መምህርም አሉ። መልሱ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ያለቀውን ጥያቄ እንደ አዲስ መጠየቅ ጀመረ። እኔ ደግሞ አድሚን ነኝ፣ ጣጣው የኔ ነው። የሰዎቹን ንግግር ቃል በቃል አልገለብጥም፣ ሐሳቡን ብቻ ነው የማቀርበው። ስድብ ያለበትን አለሳልሼዋለሁ።

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂዋ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። የሆቴሉን ስም አልጠቀሰችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እንግዳ ጠዋት ቁልፍ ሊመልስ ሲወርድ ስልኬ ጠፋ ይላል። የሌሊት ተረኛው ባልደረባዋ የዕለት መዝገቡን ያወጣል። መዝገቡ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው። ተረኛው፣ እንግዳው «ሮብድ» ማለትም ዝርፊያ እንደተደረገበት ይጽፋል፤ ቀጥሎ ክፍሉን ያጸዳችውን ልጅ ስም ከነአባቷ ያሰፍርና ከጎኑ «ክሪሚናል»፣ ወንጀለኛ፣ ብሎ ይዘጋዋል። ሁለት መስመር፣ ሰዓት፣ ፊርማ፣ አለቀ።

ገጹ ፎቶ ተነስቶ አዲስ አበባ ላለው የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ ተላከ። ሰውዬው ወዲያው ደወለ። የጠየቀው ግን ስለ ስልኩ አልነበረም። እንግዳው ተጎድቷል ወይ፣ ስንት ሆነው ገቡ፣ መሣሪያ ይዘው ነበር ወይ፣ ጥበቃዎቹ የት ሄደው ነው። ልጅቷ ምን እንደምትመልስ ግራ ገባት። ስልኩ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከአንሶላ ጋር ተጠቅልሎ ተገኘ። መዝገቡ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን እዚያው አለ፤ የጽዳቷ ልጅ ስምም። ጥያቄዋ ሁለት ነው። ትክክለኛው ቃል የትኛው ነበር? ሰውንስ በጽሑፍ «ክሪሚናል» ማለት የሚቻለው መቼ ነው?

መልስ 1

የጀመሩት መምህሩ ናቸው፣ እንደ ልማዳቸው በሰላምታ። እንዳስረዱት «ስቲል»፣ መስረቅ፣ ዕቃውን ነው የሚይዘው፤ «ሮብ» ግን ሰውየውን ወይም ቦታውን። ገንዘብ ስቲል ይደረጋል፣ ባንክ ሮብ ይደረጋል። ባንክ ስቲል ተደረገ ካላችሁ ሕንጻውን ነቅለው ወስደውታል ማለት ነው። ሁለተኛው ልዩነት ጉልበት ነው። በሕግ አነጋገር ሮብ ባለበት ኃይል ወይም ማስፈራራት አለ፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ መሣሪያ የጠየቀው ለዚህ ነው።

ከዚያ እኔ በጣም የወደድኩትን ነገር ጨመሩ። በአማርኛ ሰረቁኝ እንላለን፣ ተሰረቅኩ እንላለን። የተወሰደው ስልክ ሆኖ ሳለ ተሰራቂው ሰውየው ይሆናል፣ ማንንም ግር አይለውም። ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ ስናዞረው ግን ሰውየው ራሱ ታፍኖ ተወሰደ የሚል ይወጣል። ትምህርት ቤት እያለን በዚህ ያልተሳቀበት ሰው ጥቂት ነው። የሌሊት ተረኛውም ይኼን ሲሸሽ ሳይሆን አይቀርም «ሮብድ» ላይ የወደቀው። ሰዋስዉ ልክ ሆነ፣ ወንጀሉ ግን ተለወጠ።

መምህሩ በኛው ቋንቋ ሲያስቀምጡት፣ ኪስ አውላቂ ስቲል ያደርጋል፣ ቀማኛና ማጅራት መቺ ሮብ ያደርጋሉ፣ ቤት ሰርሳሪ ደግሞ «በርግል» የሚባለውን ነው የሚያደርገው። ቤት ሰርሳሪ የሚለውን ቃል የዛሬ ልጆች እየረሱት መሆኑንም ቅሬታቸውን አስገብተው ወጡ።

መልስ 2

የሕግ ተማሪው ቀጠለ። ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ማታ ይማራል፤ አንቀጽ ሳይጠራ መልስ ጽፎ አያውቅም። መምህሩን ደገፈና ይኼ መስመር የፈረንጅ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኛው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በአንቀጽ 670 ለያይቶ አስቀምጧል። ውንብድና ኃይል ወይም ማስፈራራት ያለበት ነው። ስለዚህ «ሮብ» በሕግ አማርኛ ውንብድና ነው። መንገድ ላይ ዝርፊያ የምንለው ደግሞ ሁሉንም ጠቅልሎ ይይዛል፣ ሌላው ቀርቶ ቲማቲም በውድ የሸጠልንን ሰውዬ ሳይቀር።

ለማወዳደር የእንግሊዝና የዌልስን ሕግ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ የስርቆት ሕግ አላቸው። ተራ ስርቆት ጣሪያው 7 ዓመት እስራት ነው። መኖሪያ ቤት ገብቶ መስረቅ እስከ 14 ዓመት ይሄዳል። ሮበሪ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ያደርሳል። እንግዲህ አስቡት። የሌሊት ተረኛው በአንድ ቃል ልጅቷን ከ7 ዓመት ወደ ዕድሜ ልክ አሻገራት፣ ያውም ላልተሰረቀ ስልክ።

መልስ 3 ምስጋና ብቻ ነው።

ከመልስ 4 እስከ 8

እዚህ ጋ ኳስ ገባ። መልስ 4 የጻፈው ልጅ ሁለቱም እንዳከረሩት ተናገረ። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በተሸነፉ ቁጥር የእንግሊዝ ደጋፊዎች ሮብድ ተደረግን ይላሉ፤ ማንም ሽጉጥ አልያዘም፣ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ስለከለከላቸው ነው። ልጁ እውነቱን ነው። በተራ ንግግር እንግሊዞቹም ቤታቸው ተሰብሮ ዕቃ ሲሄድባቸው ሮብድ ተደረግን ይላሉ፣ ሕጉ ምን ይበል ምን። ዋጋ ሲበዛባቸውም በጠራራ ፀሐይ የተደረገ ሮበሪ ነው የሚሉት አባባል አላቸው። እኛም ባጃጁ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ የጠየቀንን ስንሰማ ዘረፈን እንል የለ? ልዩነቱ፣ የሆቴል መዝገብ የኳስ ወሬ አይደለም። አፍ ላይ የሚያልፍ ቃል ወረቀት ላይ አያልፍም።

ከ5 እስከ 8 ያሉት ስለ የትኛው ቡድን በየትኛው ዳኛ እንደተዘረፈ ነው። ተውኩት። ባጃጅ ነጂው የሕግ ተማሪም ስለ ታሪፍ የተነሳውን በቀላሉ አልለቀቀም፤ እሱንም ተውኩት።

መልስ 9 እና 10

አሜሪካ ያለ የሰፈራችን ልጅ መጣ። ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ነው፣ አሁን ግን አስተማሪ መሆን ይወዳል። እሱ እንዳለው መማር ያለብን «ፌሎኒ» እና «ሚስዲሚነር» የሚሉትን ነው፤ ያለ እነሱ ስለ ወንጀል እንግሊዝኛ ማውራት ዋጋ የለውም። ፌሎኒ ባብዛኛው ከአንድ ዓመት በላይ የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ነው፤ ሚስዲሚነር ከዚያ የሚያንሰው። የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ደግሞ ብዙ ቦታ ከሁለቱም አይቆጠርም። እስከዚህ ጥሩ። ግን እንግሊዞችም እንዲሁ ነው የሚሉት ብሎ ቋጨው።

መልስ 10 የሕግ ተማሪው ነው፣ በሁለት መስመር ቆረጠው። እንግሊዞች ይኼን ክፍፍል እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ሕግ ጥለውታል። አሜሪካ መኖር ለእንግሊዝ ሕግ ምስክር እንደማያደርግም ጨመረበት፣ ይኼኛው እንኳ አያስፈልግም ነበር። የሐዋሳ ሆቴል የሚሞላው መዝገብ ላይ ፌሎኒ የሚል ነገር ምን ያደርጋል? አንባቢውን ማደናገር ብቻ ነው። በዚህ እኔም ከተማሪው ጋር ነኝ።

መልስ 11

አንድ አስጎብኚ ከሆቴል ሜኑ ላይ ያየውን አወራ። የኬኩ ስም ላይ «ሲንፉል» የሚል ቅጽል አለ፤ አንዱ ተርጓሚ በአማርኛው መስመር ኃጢአተኛ ቸኮሌት ኬክ ብሎ ለጥፎታል፣ ያውም በሁዳዴ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ሲን»ን በቀልድ ይጫወትበታል። ጣፋጭ በላሁ፣ ጠዋት አርፍጄ ተነሳሁ፣ ለዚህ ሁሉ ቃሉን ያነሳዋል። «ጊልቲ» የሚለውንም እንዲሁ፤ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲባል የሚነገረው ቃል አይስክሬም ላይ ይወርዳል። እኛ ዘንድ ኃጢአት ገና ቀልድ አልሆነም።

መልስ 12

ይኼ ለኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው፣ ጥቂት ሰው ብቻ ነው ላይክ ያደረገው። የጻፈችው ነርሷ ናት። ሙስሊም ቤት ነው ያደገችው። እነሱ ቤት ወንጀል ማለት በመጀመሪያ አላህ የሚምረው ነገር ነው። እናቷ ከሶላት በኋላ ወንጀላችንን ማረን ሲሉ እየሰማች ነው ያደገችው፤ የፖሊስ ጉዳይ ነው ብላ አስባ አታውቅም። አንዴ ሥልጠና ላይ ስለ ራሷ በእንግሊዝኛ እንድትናገር ዕድል ይሰጣታል። አያቷ ሲያርፉ እንዴት ይቅርታ ሲለምኑ እንደነበር ስትተርክ፣ አያቴ ለ«ክራይሞቻቸው» ምሕረት ጠየቁ አለች። አሠልጣኟ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች። ክፍሉ ጸጥ። ሴትዮዋ አያትየው ሰው የገደሉ መስሏት ነበር። ማለት የነበረባት «ሲንስ» ነው።

የክርስቲያኑ ልጅ ወንጀል ሲሰማ ፖሊስ ጣቢያ ይታየዋል፣ የሙስሊሙ ልጅ ወንጀል ሲሰማ ሶላትም ሊታየው ይችላል። አንድ አማርኛ፣ አንድ ከተማ። መዝገበ ቃላት ግን ወንጀል ሲባል ክራይም ብሎ ያልፋል።

መልስ 13

መምህሩ ተመለሱ፣ በዚህ ጊዜ ከአባታችን ሆይ ጋር። እኛ በደላችንን ይቅር በለን እንላለን። እንግሊዞቹ እንደየቤተ ክርስቲያናቸው ይለያያሉ። አንዱ ወገን «ዴትስ» ይላል፣ ዕዳ ማለት ነው፤ ሌላው «ትረስፓስስ» ይላል። ይኼ ሁለተኛው ዛሬ ከጸሎት ውጭ የሚገኘው አጥር ላይ ነው፤ መግባት ክልክል ነው የሚለው ሰሌዳ ላይ። የሰው ወሰን መርገጥ። ያ የ1968ቱ የእንግሊዝ ሕግ በርግለሪን ሲተረጉምም ይኼንኑ ቃል ይጠቀማል፤ ያለ ፈቃድ ሰው ሕንጻ የገባ ሰው ትረስፓሰር ነው። መምህሩ ድንበር ገፋህ በሚለው አነጋገራችን አስረዱት፣ በደልም ወሰን ከማለፍ እንደማይርቅ። የጽዳቷ ልጅ ክፍል የገባችው ቁልፍ ተሰጥቷት፣ በሥራዋ ሰዓት ነው። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ በርግለሪ የሚባል ነገር አልነበረም።

መልስ 14

አንድ ለጋዜጣ የሚሠራ ሰው ስለ መስተዋድዶቹ ጻፈ። ደረቅ ነገር ነው ግን ለሥራ የሚጠቅመው ይኼ ነው፤ ሰው መዝገበ ቃላት አገላብጦ ስሙን ያገኝና ከኋላው የሚመጣው ትንሿ ቃል ላይ ይወድቃል። «አኪዩዝድ» ከሆነ «ኦፍ» ይከተላል፣ «ቻርጅድ» (ክስ የተመሠረተበት) ከሆነ «ዊዝ»፣ «አሬስትድ» (የተያዘ) እና «ብሌምድ» (የተወቀሰ) ከሆኑ «ፎር»፣ «ኮንቪክትድ» እና «ጊልቲ» ከሆኑ እንደገና «ኦፍ»። እያንዳንዱ ደረጃም ራሱን የቻለ ቃል አለው። ተጠርጣሪ «ሰስፔክት» ነው፣ ተከሳሽ «አኪዩዝድ» ነው፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካለው በኋላ ብቻ ነው «ኮንቪክትድ» የሚሆነው። እስከዚያ ድረስ ጋዜጠኛ «አሌጅድ»፣ ተብሏል እንደማለት፣ የምትለዋን ቃል እንደ ጋሻ ይዟት ይዞራል። ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። በዚህ መሠረት «ክሪሚናል» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ የአንድ ሪሴፕሽን ሥልጣን አይደለም።

የሕግ ተማሪው ከሥር አንድ ነገር ጣል አደረገ። በጽሑፍ የሰውን ስም ማጥፋት እንግሊዞቹ «ላይበል»፣ በአፍ ሲሆን «ስላንደር» ይሉታል፤ ተረኛው መዝገብ ላይ ስለጻፈ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

መልስ 15

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር። አንድ ሰው መጣና ሁሉንም አፈረሰው። ሱቅ ያለው ሰው ነው መሰለኝ። እሱ እንደሚለው ይኼ ሁሉ ቃል መምረጥ ለሌባ ጠበቃ መቆም ነው። ሌባ ሌባ ነው። ስልኩ አንሶላ ውስጥ መገኘቱንም አላመነም፤ ሲነቃባት ደብቃው ነው ባይ ነው። ቤት ሠራተኛና ጽዳት ማለት ምን እንደሆኑ እሱ እንደሚያውቅ ጨመረ። የቀረውን አልደግመውም።

መልስ 16

ወዲያው ሌላ ሴት ገባች። እሷ ራሷ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፣ ከዚያ በፊት ጽፋ አታውቅም፣ እንግሊዝኛውን በዝምታ ነበር የምትከታተለው። መልሷ ረዥም ነው፣ ነጥብም ሰረዝም የለውም፣ እኔ ግን አንዱንም ቃል አላረምኩትም። አንሶላ ሲቀየር አራቱን ጫፍ ሰብስበው ነው የሚጎትቱት፤ አልጋው ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ሪሞት፣ ካልሲ፣ ቻርጀር፣ አብሮ ይጠቀለላል። በየሳምንቱ ከልብስ ማጠቢያ ክፍል የሆነ ነገር ይመለሳል። የሰው ዕቃ አግኝታ ስትመልስ መዝገብ ላይ ስሟ ተጽፎ አያውቅም፤ ዕቃ ሲጠፋ ግን መጀመሪያ የሚጻፈው የጽዳት ስም ነው። ለመልስ 15 ባለቤትም አንድ ሁለት የሐዋሳ ስድብ መረቀችለት። እነሱን አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ እህቴ፣ የግሩፑ ደንብ ነው።

መልስ 17

ጠያቂዋ ራሷ ሁኔታውን አሳወቀች። መዝገቡ ገጹ ቁጥር ስላለው መቅደድ አይቻልም። አለቃዋ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ በሁለቱ መስመሮች ላይ አንድ አንድ ጭረት አሰመረ፣ ከታች እንዲነበብ፤ ዳር ላይ ፈረመ። ከሥሩ አዲስ መስመር ተጻፈ። የእንግዳው ስልክ «ሪፖርትድ ሚሲንግ»፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተገኘ፣ ለባለቤቱ ተመለሰ። የማንም ስም የለም። «ሚሲንግ» ጥሩ ቃል ነው፤ እንደኛው ጠፋ ነው። ማን አጠፋው ብሎ አይጠይቅም። የጽዳቷን ልጅ ይቅርታ የጠየቃት ሰው እስካሁን እንደሌለ ግን ጠያቂዋ በመጨረሻ ጻፈች።

ከመልስ 18 እስከ 21

አሞራ ገደል፣ የዓሳ ገበያው፣ ዓሳ ስንት ገባ የሚል ወሬ ነው። አሳነባሪ የሚያህል ፎቶ ሁሉ ተለጥፏል። እለፉት።

መልስ 22

አንድ ሰው እነዚህ ቃላት ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚሄዱ ጠየቀ፣ ነርሷ መለሰች። በአማርኛ ኃጢአትም ይሠራል፣ ወንጀልም ይሠራል፣ ስህተትም ይሠራል፤ አንድ ግስ ሁሉንም ያስተናግዳል። በእንግሊዝኛ «ክራይም» እና «ሲን» «ኮሚት» ይደረጋሉ፣ «ሚስቴክ» ግን «ሜክ» ነው የሚደረገው። ሚስቴክ ኮሚት አደረግሁ ያለ ሰው ሳያስበው ራሱን ያከብዳል። ለዚህ ከሥራዋ ያመጣችው ምሳሌ ከባድ ነው፣ ግን ትክክል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ራስን ማጥፋት እ.ኤ.አ. እስከ 1961 ድረስ በሕግ ወንጀል ነበር። ሕጉ ከተነሳ በኋላም «ኮሚት» የሚለው ግስ እዚያው ቀረ። አሁን ብዙ የጤና ባለሙያዎች የሚያስወግዱት ሟቹን ወንጀለኛ ስለሚያስመስል ነው።

መልስ 23

የባጃጁ ልጅ እንደገና፣ አሁን ስለ መኪና አደጋ። «ከል» መግደል ነው፣ እንዴትም ይሁን። «መርደር» ታስቦ ሲሆን ነው። «ማንስሎተር» ከመርደር ያነሰው ነው፣ በቸልተኝነት የደረሰ ሞትም እዚያ ሊገባ ይችላል። የኛ ሕግም አንቀጽ 543 ላይ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ለብቻው አስቀምጧል። ሾፌር ሰው ገጭቶ ሲሞትበት መርደር ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ ሆን ብሎ ነው ማለት ይሆናል። አጭርና ጥሩ መልስ ነበር።

ከመልስ 24 እስከ 26

ጉቦ መጣ፣ ባይመጣ ይገርመኝ ነበር። አስጎብኚው የኛን ስሞች ደረደረ፤ ሻይ መጠጫ፣ እጅ መንሻ፣ መደለያ። እንግሊዞቹም ስም ማሳመር ላይ አይታሙም። «ባክሃንደር» ይሉታል፣ እጅ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እንደሚቀበለው፤ «ኪክባክ» ደግሞ ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ቆርሶ የሚመልሰው ነው። ጉቦ የሚለውን ቃል በሙሉ አፍ የሚጠራው የትም አገር ከሳሹ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 25 ላይ መምህሩ ስለ ሙስና አንድ ነገር አነሱ፣ እኔ አላውቀውም ነበር። ቃሉ የግዕዝ ነው፣ መበስበስ፣ መጥፋት ማለት። በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት 15ኛው ላይ ጻድቅህ ሙስናን ያይ ዘንድ አትተወውም የሚለው ቦታ የሥጋ መበስበስ ነው እንጂ የቢሮ ጉዳይ አይደለም። ይኸው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 16 ላይ ሲገኝ፣ በቦታው ያለው ቃል «ኮራፕሽን» ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ከመቃብር ተነስተው መሥሪያ ቤት ገቡ።

አሜሪካ ያለው ልጅ መልስ 26 ላይ ይኼ የቄስ ትምህርት ነው ብሎ አጣጣለው። ለጋሼ እንዲህ መጻፉ አላስደሰተኝም፣ ነገርኩት። እሳቸው ራሳቸው ግን በጨዋ ደንብ አመሰገኑት፤ ይኼ ይበልጥ ሳያሳፍረው አልቀረም መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 27 እና 28

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ስለ «ኦፌንስ» ጠየቀ። ቃሉን የሚያውቀው ከሥልጠና ነው፤ ሕግ መተላለፍ ማለት ነው ተብሎ። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ በር ላይ ፍተሻው እንደረዘመበት ነገረውና «ኖ ኦፌንስ» አለው። እሱም ደንገጥ ብሎ እዚህ ምንም ኦፌንስ እንዳልተፈጸመ አረጋገጠለት። ፈረንጁ ሳቀ፣ እሱ ለምን እንደሳቀ እስካሁን አልገባውም። ጋዜጠኛው አስረዳው። እዚህ ጋ ቃሉ ከፖሊስ ጋር አይገናኝም፤ ቅር እንዳይልህ፣ በክፉ እንዳታይብኝ እንደማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ግን ቅር የሚያሰኝ ነገር ሲባል ነው። ኳስ ተመልካቾቹ ተመልሰው አሜሪካኖች ቅርጫት ኳስ ላይ ማጥቃትን በዚሁ ቃል እንደሚጠሩት አከሉ፤ እነሱንስ ማን ጠየቃቸው።

መልስ 29

የሱቁ ሰውዬ ነው። ሌሊት ነው የጻፈው። ስለ ስልኩ የተጻፈውን አንብቦ ከሆነ አይታወቅም፣ ስለ እሱ ምንም አላለም። ለመልስ 16 ባለቤት ግን በቀጥታ ጻፈላት፤ ስለ ጽዳት ሠራተኞች ያለውን በጠቅላላው እንጂ ስለ እሷ እንዳልተናገረ፣ የእሱ ሱቅ ብዙ ነገር ስለጠፋበት እንደሆነ፣ አሁንም ግን እንደማያምናቸው። መጨረሻው ላይ አዲስ የተማራትን አስገባት፣ በላቲን ፊደል፣ ከነፈገግታ ምስሏ፦ «ኖ ኦፌንስ»።

መልስ 30 እና 31

ሴትየዋ በዚህ ጊዜ አጭር ነበረች። መልስ 28 ላይ የተጻፈውን እንዲያነብ ቁጥሩን ጠቆመችው። ቀጥላ ሱቁ የት እንደሆነ ጠየቀችው፣ ሄዳ ፊት ለፊት እንድታነጋግረው። ሌላ አንድ ሰው አድራሻውን አውቀዋለሁ ብሎ መጻፍ ሲጀምር ክሩን ዘጋሁት። የቃላት ጥያቄ ያለው አዲስ ክር ይክፈት፤ አድራሻ የሚፈልግ ግን በዚህ በኩል አያገኝም።